ሎዛንን ቁልቁል፦ ከካቴድራሉ እስከ ኦሊምፒክ ሙዚየም

የስዊዘርላንዷን ሎዛን ለአንድ ቀን የሚጎበኙ ብዙዎች የሚሳሳቱት በቅደም ተከተል ነው። ከባቡር ጣቢያው ወጥተው ቀጥታ ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ፣ ኦሊምፒክ ሙዚየሙን አይተው ሲወጡ ከሰዓት በኋላ ይሆናል፣ አሮጌው ከተማ ደግሞ ሽቅብ ተሰቅሎ ይጠብቃቸዋል። እግር ደክሟል፣ ዳገቱ ረጅም ነው፣ ካቴድራሉ ሳይታይ ይቀራል። የሌማን ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 372 ሜትር ላይ ነው፤ ካቴድራሉ ከዚያ በ150 ሜትር ያህል ይበልጣል። ሙዚየሙ ታች፣ አሮጌው ከተማ ላይ። እንግዲህ ዳገቱን ለሜትሮው ትቶ ቁልቁለቱን በእግር መውረድ ነው የሚያዋጣው። እንጦጦ ድረስ በታክሲ ወጥቶ ወደ ስድስት ኪሎ በእግር እንደ መውረድ ነው።

(ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጄኔቫ ያረፈ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣ ሎዛን የሚያደርስ ባቡር ያገኛል፤ መንገዱ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ከጄኔቫ ሲመጡ በቀኝ በኩል ያለው መስኮት ሐይቁን ያሳያል። የሎዛን ጣቢያ ለዓመታት የሚዘልቅ እድሳት ላይ ስለሆነ መተላለፊያዎቹ ይቀያየራሉ። የምታውቁትን በር ከመፈለግ ይልቅ ኤም 2 የሚለውን ምልክት ተከተሉ።

ኤም 2 ራሱ መታየት ያለበት ነገር ነው። በ2008 ሥራ የጀመረ፣ 6 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 14 ጣቢያዎች ያሉት ሜትሮ ነው፤ ከሐይቁ ዳር ከኡሺ ተነሥቶ እስከ ላይኛው ጫፍ ክሯዜት ድረስ 338 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ተዳፋቱ አንዳንድ ቦታ 12 በመቶ ስለሚደርስ በብረት ጎማ መውጣት ይከብደዋል፤ እንደ መኪና በላስቲክ ጎማ ነው የሚሄደው። ሹፌር የለውም። መሳፈሪያዎቹም ብዙዎቹ ያዘነበሉ ስለሆኑ ባለጎማ ሻንጣ ወይም የልጅ ጋሪ የያዘ ሰው እጁን ሊለቅ አይገባም፤ ይንሸራተታል። ሌላው መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ትኬት ነው። በር ላይ የሚያግድ ነገር ስለሌለ ዝም ብሎ መግባት ይቻላል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ግን ቅጣቱ ከትኬቱ ብዙ እጥፍ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ከማሽኑ ግዙ። ሎዛን ውስጥ ሆቴል አልጋ የያዘ ሰው ግን መግዛት አያስፈልገውም፤ ሆቴሉ ለቆይታው የሚያገለግል የትራንስፖርት ካርድ በነጻ ይሰጣል። ሲመዘገቡ ካልሰጧችሁ ጠይቁ። ካርዱ አንዳንድ ሙዚየሞች ላይም ቅናሽ ያስገኛል።

በክሯዜት አቅጣጫ ተሳፍራችሁ ቤስዬር ላይ ውረዱ፤ ከባቡር ጣቢያው ሦስተኛው ማቆሚያ ነው፦ ፍሎን፣ ሪፖን፣ ቤስዬር። ብዙ መሪ መጽሐፎች ሪፖን ውረዱ ይላሉ፤ እዚያ ከወረዳችሁ ግን የቀረውን ዳገት በእግር ልትወጡት ነው። ከቤስዬር ድልድዩን ስትሻገሩ ካቴድራሉ ከፊታችሁ ይታያል፤ የቀረው አጭር መንገድ ነው።

ካቴድራሉ በ1275 የተባረከ ሲሆን የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 10ኛ ራሳቸው ተገኝተዋል። መግቢያው ነጻ ነው። ውስጡ ለኢትዮጵያዊ ዓይን ባዶ ይመስላል፤ ሥዕል የለም፣ መጋረጃ የለም፣ ግድግዳው ራቁቱን ነው። ምክንያቱ በ1536 የሆነው ነው። የበርን ሠራዊት ከተማዋን ያዘ፣ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ታወጀ፣ ሐውልቶቹ ተነሡ፣ ንዋየ ቅድሳቱና ጨርቆቹ ወደ በርን ተወሰዱ። ከዚያ የተረፈውን ለማየት በደቡብ በኩል ወዳለው ጥንታዊ በር ሂዱ፤ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ቅርጻ ቅርጾቹ ላይ የመጀመሪያው ቀለም እስከ ዛሬ ይታያል። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋያቸው ግራጫ እንዳልነበረ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር ጥቂት ነው።

ከዚያ በደቡባዊው ክንፍ ያለው ትልቁ ክብ መስኮት። ይህን ችላ ብሎ ማለፍ አይገባም። የ13ኛው ክፍለ ዘመን ባለቀለም መስተዋት ሲሆን የዘመኑ ሰው ዓለምን እንዴት እንደሚያስባት በአንድ ክብ ውስጥ ተሥሏል፦ ዓመቱ፣ አራቱ ወቅቶች፣ አሥራ ሁለቱ ወራት ከነገበሬ ሥራቸው፣ የከዋክብት ምልክቶች፣ አራቱ የፍጥረት ባሕርያት፣ ነፋሳት። ከእነዚህም መካከል ከገነት የሚወጡት አራቱ ወንዞች አሉ። ኤፌሶንና ግዮን፣ ጤግሮስና ኤፍራጥስ ማለት ነው። ግዮን በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 «የኢትዮጵያን ምድር ሁሉ ይከብባል» የተባለው፣ በእኛ ትውፊት አባይ የሆነው ወንዝ ነው። ሎዛን ላይ አባይን ለማየት የሚጠብቅ ሰው አይኖርም፤ ግን አለ። መስኮቱ ከፍ ያለ ስለሆነ በባዶ ዓይን ዝርዝሩ አይለይም፤ የስልክ ካሜራችሁን አቅርቡበት ወይም ትንሽ መነጽር ያዙ። ወደ ደቡብ ስለሚያይ ቀለሙ የሚያበራው ፀሐይ ከፍ ስትል ነው። በማለዳ ከገባችሁ ደብዛዛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እሑድ ጠዋት ጸሎት ስላለ ጎብኚ እንደልቡ አይንቀሳቀስም።

ማማው ላይ ለመውጣት አነስተኛ ክፍያ አለ፤ ደረጃው ከ220 ይበልጣል፣ ጠባብና ጠምዛዛ ነው። የሚወጣና የሚወርድ ሲገናኙ አንዱ ግድግዳ ተጠግቶ ማሳለፍ አለበት። በእኔ ግምት ሰማዩ ጥርት ካላለ ድካሙ አያዋጣም፤ ከካቴድራሉ ፊት ካለው ሰፊ በረንዳ የሚታየው እይታ ይበቃል። ከተማ ውስጥ የሚያድር ሰው ግን ማታ 4 ሰዓት ላይ ተመልሶ እዚሁ በረንዳ ላይ ይቁም። የካቴድራሉ የሌሊት ዘበኛ ከማታው 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት በየሰዓቱ ማማው ላይ ወጥቶ በአራቱም አቅጣጫ ሰዓቱን በጩኸት ያሳውቃል። ሥራው ከ1405 ጀምሮ በሰነድ የሚታወቅ ነው፤ መነሻው የእሳት አደጋ ጥበቃ ነበር፣ ከተማዋ የእንጨት ቤቶች ስለነበረች። በ2021 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት ተቀጠረችበት።

ከበረንዳው ቁልቁል የሚወስደው ጣሪያ ያለው የእንጨት ደረጃ ነው፤ የገበያ ደረጃ ይሉታል። ሲዘንብ ጣሪያው ያስጠልላል፣ ግን ጣውላው እርጥበት ሲነካው ያዳልጣል፤ መደገፊያውን ያዙ። ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ለዚህ መንገድ አይሆንም። ከደረጃው በታች ኮብልስቶን ነው፤ ያውም እንደኛ አገር ወጣ ገባ ሳይሆን በእግር ብዛት የተወለወለ፣ ስለዚህ የባሰ ያዳልጣል።

ደረጃው የሚያበቃው ፓሉድ አደባባይ ነው። የከተማው ምክር ቤት አሮጌ ሕንፃ፣ ሚዛንና ሰይፍ የያዘች የፍትሕ ሐውልት ያለችበት የውሃ ምንጭ፣ ከኋላዋ ግድግዳ ላይ በየሰዓቱ ትንንሽ ምስሎች ወጥተው የሚዞሩበት ሰዓት። ለሰዓቱ ብላችሁ ብዙ አትጠብቁ። ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ይቆማል፤ አይብ፣ ዳቦና ፍራፍሬ እዚህ ገዝቶ ለሐይቁ ዳር ስንቅ መያዝ ይቻላል፤ ሎዛን ውስጥ ሬስቶራንት ገብቶ ምሳ መብላት ኪስ ያራግፋል። ውሃ መግዛት ደግሞ ከንቱ ወጪ ነው። በየአደባባዩ የሚፈሰው ምንጭ የሚጠጣ ነው፤ የማይጠጣ ከሆነ በግልጽ ተጽፎበታል። እሑድ ሱቆች ዝግ ስለሆኑ ስንቅ ቅዳሜ መያዝ አለበት፤ ክፍት የሚገኘው ባቡር ጣቢያው ውስጥ ያለው ነው።

ከፓሉድ ጥቂት ደቂቃ ወደ ሰሜን ሪፖን አደባባይ ላይ የሩሚን ቤተ መንግሥት የሚባለው ትልቅ ሕንፃ አለ። ንጉሥ የኖረበት አይደለም፤ ገብርኤል ደ ሩሚን የተባለ ባለጸጋ ለከተማዋ በተናዘዘው ገንዘብ የተሠራ ነው። የዛሬዋ ቱርክ ድንበር የጸናበት የሎዛን ስምምነት እዚህ ነው ሐምሌ 24 ቀን 1923 የተፈረመው። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በዚያው ዓመት መስከረም፣ ከዚህ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ጄኔቫ ላይ ነበር። የዚያ ዓመት ዓለም ጉዳይ በዚህች አንዲት ሐይቅ ዙሪያ ነበር የሚወሰነው። ሕንፃው ያምራል፤ አደባባዩ ግን ደረቅ የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ ነው፤ ጊዜ ካጠራችሁ ይለፍ።

ከፓሉድ በኋላ መንገዱ ቁልቁለት ብቻ አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው ካርታ የሚያታልለው። ሎዛን በኮረብታዎች መካከል ፍሎንና ሉቭ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ይፈሱባት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወንዞቹን ከላይ ደፍነው በላያቸው መንገድ ሠሩ። ስለዚህ ውሃ የሌለበት ቦታ ላይ ድልድይ ስታዩ አትደነቁ፤ ከሥሩ የነበረው ወንዝ አሁን ቱቦ ውስጥ ነው። ካርታ ላይ 100 ሜትር የሚመስል ርቀት በእውነት ወደ ሸለቆው ወርዶ እንደገና መውጣት ሊሆን ይችላል። ከፓሉድ ወደ ሳን ፍራንሷ አደባባይ የሚወስደው መንገድ እንዲህ ነው። ወደ ሴንትራል ጎዳና ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት። በጉዞው ሁሉ በእግር የምትወጡት ትልቁ ዳገት ይህ ነው።

ሳን ፍራንሷ ላይ ፍራንሲስካውያን መነኮሳት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቆሙት ቤተ ክርስቲያን፣ በዙሪያው ባንኮችና ፖስታ ቤት አሉ። ከአደባባዩ በፕቲ ሼን ጎዳና ወደ ባቡር ጣቢያው ውረዱ፤ መኪና የማይገባበት ነው፣ ቁልቁለቱ ግን ጉልበት ይፈትናል። ዝግ ብሎ፣ አጠር አጠር ባለ እርምጃ መሄድ ይሻላል። ጉልበት የሚያመው ሰው ከሳን ፍራንሷ ወደ ፍሎን ሄዶ በሜትሮ ይውረድ፤ የሚያመልጠው ብዙ ነገር የለም።

ጣቢያው አጠገብ በ2022 ሙሉ በሙሉ የተከፈተው ፕላትፎርም 10 አለ። የሥነ ጥበብ፣ የፎቶግራፍና የዲዛይን ሙዚየሞች በቀድሞ የባቡር ጋራዥ ቦታ ላይ ተሰብስበውበታል። በአንድ ቀን ይህንንና ኦሊምፒክ ሙዚየሙን ሁለቱንም በደንብ ማየት አይቻልም። አንዱን ምረጡ።

ከጣቢያው ሥር አልፎ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ኡሺ ጎዳና ቀጥ ያለ ነው፣ መኪና ይበዛበታል፣ ብዙ የሚታይ የለውም። ከፈለጋችሁ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ በሚላን መናፈሻ በኩል ውረዱ፤ አጠገቡ መግቢያው ነጻ የሆነ የዕፅዋት መናፈሻ አለ፣ ከኮረብታው ላይም ሐይቁ ይታያል።

ኡሺ ላይ ስትደርሱ የመካከለኛው ዘመን ማማ ያለው ሆቴል ታያላችሁ፤ የኡሺ ግንብ ነው። ጣሊያን ሊቢያን ከኦቶማን መንግሥት የወሰደችበት ውል በ1912 ኡሺ ላይ ነው የተፈረመው፤ ጣሊያን ለዚያ ዘመቻ ከኤርትራ የመለመለቻቸውን አስካሪ የሚባሉ ወታደሮች ሊቢያ አዝምታ ነበር። ግንቡ ላይ ይህን የሚነግር ነገር አትጠብቁ፤ ፀሐይ የሚሞቁ ሰዎችና አይስክሬም ሻጮች ናቸው ያሉት።

ሐይቁ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣና በስፋት ከአምስት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ በጥልቀት ግን አይወዳደሩም፣ ሌማን 310 ሜትር ሲጠልቅ ጣና ከ15 ሜትር አያልፍም። ማዶ የሚታየው ተራራ ፈረንሳይ ነው። መርከብ ተሳፍሮ ኤቪያን መሻገር ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ የሸንገን ቪዛ ያለው ሰው ይሻገራል፣ ፓስፖርቱን ግን ይያዝ። ሰማዩ ሲጨልም ወይም በክረምት ጭጋግ ሲተኛ ማዶው ፈጽሞ አይታይም። ሌላው ጠላት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ ነው፤ ቢዝ ይሉታል። ቢዝ ሲነፍስ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ፎቶውም ያምራል፣ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። በፀደይ ወራት እንኳ ነፋስ የሚከላከል ጃኬት አይለያችሁ።

ከኡሺ ሜትሮ ጣቢያ ወደ ምሥራቅ፣ ሐይቁን በቀኝ አድርጋችሁ፣ በዛፍና በአበባ የተሞላውን የእግረኛ መንገድ አሥር ደቂቃ ያህል ሂዱ። ሙዚየሙ በግራ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስልካችሁ ላይ «ኦሊምፒክ» ብቻ ብላችሁ ከፈለጋችሁ ወደ ምዕራብ፣ ቪዲ ወደሚባለው ሰፈር ሊልካችሁ ይችላል። እዚያ ያለው በ2019 የተመረቀው የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ዋና ጽሕፈት ቤት ነው፤ ለመንገደኛ ጎብኚ ክፍት አይደለም፣ ከሙዚየሙም ሩቅ ነው። ኮሚቴውን ወደ ሎዛን ያመጣው መሥራቹ ፒየር ደ ኩበርታን ነው፤ በ1915 አውሮፓ ጦርነት ላይ ሳለች ገለልተኛ አገር ፈልጎ። ዛሬ ፌዴሬሽኖቻችን በስፖርት ጉዳይ ሲሟገቱ ስሙን የሚያነሡት የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤትም እዚሁ ከተማ ነው።

ወደ ሙዚየሙ ከመግባታችሁ በፊት መናፈሻውን ጨርሱት። ይህኛው ነጻ ነው፣ ሰኞም ክፍት ነው፣ ሙዚየሙ ራሱ ግን ሰኞ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ስለሆነ ሳታጣሩ አትሂዱ። አፈሙዙ የተቋጠረ የሽጉጥ ሐውልት፣ የፊንላንዱ ሯጭ ፓቮ ኑርሚ፣ የቼኩ ኤሚል ዛቶፔክ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ የሰበረው የማራቶን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ1952 ሄልሲንኪ ላይ የተመዘገበው የዛቶፔክ ነበር፤ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ እዚህ ቆሞ ቢያስብ ከአጉል ፎቶ ይሻለዋል። የከፍታ ዝላይ ክብረ ወሰንን የሚያሳይ 2 ሜትር ከ45 የተሰቀለ ዘንግም አለ። ሥሩ ቆማችሁ ቀና ስትሉ በቴሌቪዥን ያያችሁት ሁሉ ውሸት ይመስላችኋል። ወደ ሕንፃው በሚያወጡት ደረጃዎች ላይ የመክፈቻውን ችቦ የለኮሱ ሰዎች ስም ተቀርጿል፤ የ1964ቱን ቶኪዮ ፈልጉ። ዮሺኖሪ ሳካይ ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ በተጣለበት ቀን የተወለደ ወጣት ነበር።

የአዋቂ መግቢያ 20 ፍራንክ አካባቢ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት። ጉብኝቱ ከላይ ጀምሮ በሦስት ክፍል ወደ ታች ይወርዳል፤ መጀመሪያ የጥንቱ ግሪክ፣ ኩበርታን፣ አስተናጋጅ ከተሞችና ችቦዎች፣ ቀጥሎ ውድድሩ ራሱ፣ በመጨረሻ የአትሌቱ ሕይወትና ሜዳሊያዎቹ። ሰው ሁሉ ጉልበቱን የመጀመሪያው ክፍል ላይ ጨርሶ ሦስተኛውን በሩጫ ያልፈዋል። እኔ ብሆን የጥንቱን ግሪክ ቶሎ አልፌ ለችቦዎቹና ለሜዳሊያዎቹ ጊዜ እቆጥባለሁ።

ችቦዎቹ ፊት ስትደርሱ ዓመቶቹን በቅደም ተከተል ተመልከቱ። ሞንትሪያል 1976፣ ሎስ አንጀለስ 1984፣ ሴኡል 1988። ኢትዮጵያ ሦስቱም ላይ አልነበረችም። በመጀመሪያው የአፍሪካ አገሮች የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ተቃውመው ወጡ፤ በሁለተኛው ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ቆመ፤ በሦስተኛው ከሰሜን ኮሪያ ጋር አበረ። ምሩጽ ይፍጠር ሙኒክ 1972 ነሐስ ካመጣ በኋላ ሞስኮ 1980 በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ እስኪያጠልቅ ስምንት ዓመት የጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ጎብኚ በዲዛይናቸው የሚያወዳድራቸውን ችቦዎች እኛ የምናያቸው በጠፋ ዕድል ነው።

ከሜዳሊያዎቹ መካከል የሮም 1960ውን ፈልጉ። በሪባን ሳይሆን በቅጠል ቅርጽ በተሠራ የነሐስ ሰንሰለት አንገት ላይ የሚጠለቅ ነው። አበበ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ ያጠለቀው የዚህ ዓይነቱን ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሳምንታት ብቻ ቆይቶ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ዕይታ ላይ የሚውሉት የግል ዕቃዎች፣ የአትሌቶች ጫማና ማሊያ ያሉት፣ በየጊዜው ስለሚቀያየሩ የአንድን አትሌት ዕቃ ብቻ ለማየት ብሎ መሄድ ሊያሳዝን ይችላል። የአፍሪካ ስፖርት መሪ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ከ1971 ጀምሮ እስኪያርፉ ድረስ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል እንደነበሩም አስታውሱ፤ የ1976ቱን ታሪክ ለልጆቻችሁ ስትነግሩ ይጠቅማችኋል።

ከልጅ ጋር ከሆናችሁ ሚዛንና ፍጥነት የሚለኩ መሣሪያዎች ስላሉ እዚያ ወረፋ ይኖራል። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ካፌ ሰገነቱ ሐይቁን ፊት ለፊት ያያል፤ ቡናው ውድ ነው፣ እይታው ግን ይክሳል።

ሲወጡ ጉልበት ከተረፈ ወደ ምሥራቅ ቀጥሉ። ደናንቱ መናፈሻ ውስጥ የቀድሞው የታይላንድ ንጉሥ ቡሚቦል ለከተማዋ የሰጡት በወርቅ ያጌጠ ድንኳን መሰል ቤት አለ፤ ንጉሡ ያደጉት ሎዛን ነው። ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ለመመለስ ግን ኡሺ ድረስ በእግር ተመልሳችሁ ኤም 2ን ያዙ። ሹፌር ስለሌለው የፊተኛው መቀመጫ ለተሳፋሪ ክፍት ነው፤ መነሻው ኡሺ ስለሆነ አንድ ባቡር አሳልፋችሁ ቀድማችሁ ብትሰለፉ ታገኙታላችሁ። ባቡር ጣቢያው ስትደርሱ ወደ ጄኔቫ የሚሄደው መሳፈሪያ ላይ ለመድረስ እድሳቱ የሚያዞር ስለሆነ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ።